ገጣሚዋ

እቁቡ ደረሰኝ፣ ማክሰኞ ከሰዓት፤
እናቴ «ፍሪጅ ነው» አለች፤ እኔ ዝም አልኳት።
ደብተሬን ገልጬ በእርሳስ ጻፍኩ ዝርዝር፤
ከላይ ፕሮሰሰር፣ ከታች ብር፣ ብር፣ ብር።
«ስምንት ኮር ይበቃል፤ አሥራ ስድስት ይሻላል»
እያልኩ ስሰርዝ ሌቱ ይነጋጋል።

ሥራዬ ሌላ አይደል፤ ያልተሠራ ቤትን
ሠርቶ ማሳየት ነው ለባለቤቱ ዓይን፤
ጥላው የት እንዲያርፍ፣ መስኮቱ ምን እንዲያይ፣
ደረጃው ስንት እንዲሆን ከመሬት እስከ ላይ።
አሮጌዋ ላፕቶፕ አንድ ሳሎን ስትሥል
አዳሯን ታጓራለች፣ ወፍጮ ቤት ይመስል፤
ጠዋት ስነቃ ግን ግማሹ ግድግዳ
ገና ጥቁር ሆኖ ይጠብቃል፣ እንደ ዕዳ።

ፊት አንዲት ነበረች፣ ሱቃችን የኖረች፤
በዚያ ዓመት፣ እኛ ስንመለስ፣ አልነበረች።
የቆመችበት ግን፣ አቧራው መሃል ላይ፣
አራት ማዕዘን ንጹሕ ቀርቶ ነበር ሲታይ።

ኑርሁሴን ዋጋ ይልካል ከመርካቶ፤
የማታው ዋጋ ግን ይነጋል ተነፍቶ።
«መዲና፣ ግራፊክሱ በዶላር ነው» ይላል፤
«ዶላርን ደግሞ፣ አቦ፣ ማን አብሮት ይሮጣል?»
አንድ ፎቶ ላከ፤ ባለ ሦስት ማራገቢያ፤
ዋጋው የሁለት በሬ፣ በሰኞ ገበያ።

ዝርዝሬን ይዤ ሄድኩ ጋሽ ሸጋው ዘንድ፣ አራዳ፤
አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገኑባት ጓዳ።
መነጽር አጥልቀው አነበቡት ቀስ ብለው፤
ፓወር ሰፕላይ ካለው ሲደርሱ፣ «ይሄ ምነው?
ለሁሉ ውድ መርጠሽ፣ ለጉሮሮው ርካሽ!
ሁለት በሬ ነድተሽ ገለባውን ረስተሽ?
የደሴ መብራት እንደሁ ታውቂ የለ አመሉን፤
ሲሄድ አይሰናበት፣ ሲመጣ ሰብሮ በሩን።
ያንን ድንገተኛ የሚችል ትከሻ
ቀድመሽ ግዢ፤ ውበቱን አቆዪው ለመጨረሻ።»

በቧንቧ ውሃ መንገድ ተናድጄ ወጣሁ፤
ልክ ባይሆኑ ኖሮ ቶሎ በረሳሁ።

ማታ ላጲስ ይዤ አንዱን በሬ ሸጥኩት፤
ባለ ሦስቱን ትቼ ባለ ሁለት ጻፍኩት።
በተረፈው ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ፣ ዩፒኤስ፤
ራሙ እንዳለ ይቅር፤ እሱ እንዳይቀነስ።
ማቀዝቀዣው ቀረ፣ በውሃ የሚሠራው፤
ምኑን ሊያቀዘቅዝ፣ ጦሳ ሥር ላለ ሰው?
ኮምቦልቻ ቢሆን ቤቴ፣ ሌላ ነገር ነበር።

ዕቃው መጣ ዓርብ ቀን፣ ሐረጎን ሲዞር፣ ሲዞር፣
ከሽንኩርት ጆንያ ጋር አውቶቡስ ላይ ተኝቶ፤
ማዘርቦርዱ ራሱ ሽንኩርት ሽንኩርት ሸትቶ።
«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች እናቴ፣ ከበር ቆማ።
«ልገጥም» አልኳት።
«ለማን ሠርግ ነው? እስቲ እኔም ልስማ!»

ፕሮሰሰሩን ሳኖር እጄ ተንቀጠቀጠ፤
አንዲት እግሩ ብትጎብጥ የዓመት እቁብ ሰመጠ።
ጠቅ አደረግኩ። ዞረ። ስክሪኑ ግን ምንም።
ጠቅ። ደግሜ ጠቅ። ስክሪኑ እንደሆን ዝም።
እናቴ እንኳ ዝም አለች፣ ፍሪጇን ሳታነሳ።
ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ ከላይ ጥግ፣ የተረሳ
ባለ ስምንት ቀዳዳ፣ ገመዱን የተነሳ!

ሰካሁት፤ በራ። ሌት ሙሉ ይፈጅ የነበረው ሳሎን
በአራት ደቂቃ አለቀ፣ ሻዬን ሳልጨርስ እንኳን።

ሌላ ሥዕል ስጀምር ጨለመ ሰፈሩ፣
ከሆጤ እስከ ሰኞ ገበያ፣ አምፖሎች አንድ ሳይቀሩ።
ዩፒኤሱ ጮኸ፤ ያ ትከሻ ቻለው፤
ለጋሽ ሸጋው ልደውል አልኩና ተውኩት፤ ሰውም ኩራት አለው።

እናቴ ተጠጋች፣ በስክሪኑ ብርሃን፤
«የማን ማድቤት ነው?» አለች። «ያንቺ ነዋ፤ የሁለታችን።»
«ጥግ ላይ የቆመው፣ ነጩ ነገርስ?»
«ፍሪጅ።»
ዝም ብላ አየችው፤ ቆየች።
«መዲና፣ በሩ ተከፍቷል እኮ፤ ዝጊው እንጂ።»